አዳማ ላይ የቲማቲም አበባ እየረገፈብኝ ነው፤ ልንቀለው ወይስ ልታገሥ?

ልብስ ሰፊዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ፣ በቦኩ በኩል ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ሲሆን ማሽኔ በረንዳ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ከግቢዬ አይጠፋም። ከብሎኬት አጥሩ ሥር ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን፣ የግንባታ ፍርስራሽ የተከመረባት ቦታ ነበረችኝ። ድንጋዩንና የሲሚንቶ ስባሪውን ለቅሜ፣ ከሰፈራችን ላም ከሚያረቡ እናት ፍግ ገዝቼ ከአፈሩ ጋር ካዋሃድኩ በኋላ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቆስጣና የሐበሻ ጎመን ተከልኩባት። በሕይወቴ የመጀመሪያ አትክልቴ ነው።

ቆስጣው ከአንዴም በላይ ተቀጥፎ ተበልቷል። ጎመኑም ደህና ነው። ልቤን የሰቀለው ቲማቲሙ ነው። ግንዱ ወፍሯል፤ ቅጠሉ ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ አበባም በብዛት ያወጣል። ነገር ግን አበባው ከተከፈተ በኋላ ዘንጉ መሐል ላይ ያለችው ቋጠሮ ትገረጣለች። ከዚያ በጣቴ ገና ነካ ሳደርገው ከዚያችው ቋጠሮ ላይ ተቆርጦ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት መሬቱ ላይ ረግፎ አገኘዋለሁ። ከመርገፍ ተርፈው ፍሬ ከያዙት ደግሞ አንዳንዶቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ ከታች በኩል ጠቁረው ይሰረጉዳሉ፤ የጠቆረውን ስዳስሰው እንደ ጫማ ቆዳ ደርቋል።

ይህ መጋቢት እንዴት እንደከበደን የአዳማ ሰው ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቀጥታ አጥሩ ላይ ታርፋለች። ማታ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ወጥቼ መዳፌን ብሎኬቱ ላይ ሳሳርፍ ገና ይሞቃል። ነፋሱም አለ። ችግኞቹን በአሮጌ ነጠላ ሸፍኜ ነበር ያሳደግኳቸው። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ በመጣ ቀን በርሜሉን ሞልቼ አትክልቱን አጠግባለሁ፣ በጠፋ ጊዜ በጣሳ እያብቃቃሁ አዳርሳለሁ።

ምክሩ በዝቶብኛል። አንዱ ፍግ ጨምሪ ይለኛል፤ ሌላዋ በየብብቱ የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ቁረጪ ትለኛለች። እናቴ ያለችው አሰላ ስለሆነ የምትነግረኝ ሁሉ የደጋ ነው። የጎረቤት ልጅ ደግሞ አዳማ ለቲማቲም አይሆንም ብሎ ደመደመ። ይህን አልቀበልም። ገበያችንን የሚሞላው ቲማቲም ከመቂና ከቆቃ የሚመጣ አይደለም እንዴ? ያው ስምጥ ሸለቆ ነው።

ይህ ነገር ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሁለተኛዋ ልጄ በየተክሉ ሥር ስም የተጻፈበት እንጨት ተክላለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወልቅ እሱን ነው የምታየው። ወደፊት ፓፓያና ሎሚ ልጨምር፣ ከተሳካልኝም ከስፌቱ ጎን ለጎን ችግኝ አፍልቼ ልሸጥ አስባለሁ። ስለዚህ በደንብ መማር እፈልጋለሁ። መርገፉ ከሙቀት ነው ወይስ ከምግብ እጥረት? የጠቆረው በሽታ ከሆነስ ወደ ቃሪያው ይሻገራል?

የወንጂው ጡረተኛ

ልጄ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ማታ የሚሞቀው ግድግዳ ነው ጥፋተኛው። የቲማቲም አበባ ቀን ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሞቅበት፣ ሌሊቱም ከ21 ዲግሪ ሳይወርድ ሲያድር ዱቄቱ ይመክናል፤ ያልዳበረ አበባ ደግሞ ይረግፋል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሌሊቷ አብዛኛውን ጊዜ ይበርድ ነበር፤ ያንቺ ቲማቲም ግን ቀን የጋለ ብሎኬት ታቅፎ ነው የሚያድረው። ያንን ነጠላ አሁን ከተክሉ ላይ ሳይሆን ከግድግዳው ፊት ዘርጊው። ግድግዳው ቀን ካልጋለ ሌሊት የሚተፋው ሙቀት አይኖረውም። ከቀትር በኋላ ለተክሉም ጥላ አብጂለት፤ የጠዋቷን ፀሐይ ግን አትከልክዪው።

ስለ ነፋሱ፤ ይህ ነፋስ ከከተማዋ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ተርባይን የተተከለለት ነፋስ ነው። በቆርቆሮ ልመልሰው ብትዪ በላይ ዘሎ ተክሉ ላይ ይሽከረከራል። የሚያሳልፍ ነገር ነው የሚያበርደው፤ ሳሳ ያለ የሸንበቆ አጥር ወይም የጥላ መረብ። ግማሹን አሳልፎ ግማሹን ከያዘልሽ ይበቃል።

በሥራ ዘመኔ ሸንኮራ አገዳ ሳጠጣ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሳምንት ማስጠማት ለአገዳም አይሆን፣ እንኳን ለቲማቲም። አፈሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር አራት ጣት ያህል ጎዝጉዢው፤ ግንዱን ብቻ አታስነኪው። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስተሽ፣ ቂጡን ቆርጠሽ፣ ከሥሩ አጠገብ በአፉ ቅበሪና ሙዪው። በጣሳ የምታዳርሺውን ያንኑ ውሃ በቀስታ ወደ ሥሩ ያወርደዋል። ለጠቆረው ፍሬ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጠሽ ጨምሪበት።

የጓሮ እመቤት

እህቴ፣ ስለ ቲማቲሙ አባታችን ተናግረዋል። እኔ የምለው ስለ ጎመኑ ነው። ደህና ነው ብለሽ አትተዪው፤ በዚህ ደረቅ ወቅት ክሽክሽ ሳይታሰብ ነው የሚወርደው። መሐል ያለውን ለጋ ቅጠል ገልብጠሽ እዪ። ግራጫ ዱቄት የለበሱ ጥቃቅን ነፍሳት ተጣብቀው ካየሽ ያንን ቅጠል ቆርጠሽ አስወግጂ፣ ሌላውን ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ባለበት ውሃ ማታ ማታ ከሥር ወደ ላይ እርጪው። አመድ የሚነሰንሱም አሉ፤ የእኛ አካባቢ አፈር ግን ብዙውን ጊዜ ወደ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደላል፤ አመድም ይህንኑ ያብሰዋልና አታብዢ። ልጅሽን ሳሚልኝ።

ከመልካሳ መንገድ

የግብርና ባለሙያ ነኝ። ጋሼ ስለ ሙቀቱና ስለ ውሃው የጻፉት ትክክል ነው፤ ስለ እንቁላል ቅርፊቱ ግን በአክብሮት እለያለሁ። የፍሬው ታች መጥቆር የካልሲየም ጉዳይ ነው፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙ በአፈሩ ውስጥ አለ። ወደ ፍሬው የሚወስደው ውሃ ነው፤ ውሃው ሲቆራረጥ መንገዱ ይቋረጣል። ቅርፊት ደግሞ አፈር ውስጥ እስኪሟሟ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ለዚህ ፍሬ አይደርስም። ስለዚህ ጉዝጓዙና ጠርሙሱ ናቸው መድኃኒቱ። ተላላፊ በሽታ ስላልሆነ ወደ ቃሪያው አይሻገርም፤ ቃሪያውም ውሃ ከተቆራረጠበት ግን በራሱ ጊዜ ያው ችግር ሊደርስበት ይችላል።

እህቴ፣ ፍግ ጨምሪ ያለሽን ሰው አትስሚው። ጥቁር አረንጓዴ ሰፊ ቅጠልና ወፍራም ግንድ ናይትሮጅን የጠገበ ተክል ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ተክል ጉልበቱን ለቅጠል ያውላል፤ አበባውንም ችላ ይላል። አሁን ባለው ይብቃው።

ቅርንጫፍ መቁረጡ በዝርያው ይወሰናል። መልካ ሾላንና ፈጣንን የመሳሰሉት የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎች ቁጥቋጦ ሆነው ቁመታቸውን በራሳቸው የሚገቱ ናቸው፤ የእነሱን ቅርንጫፍ መቁረጥ ፍሬውን መቁረጥ ነው። ከመሬት የሚነካውን የታችኛውን ቅጠል ብቻ አንሺ። ዘሩን ከየት አገኘሽው? ከገበያ ቲማቲም አውጥተሽ ከሆነ እናቱ ድቅል ልትሆን ትችላለች፤ የድቅል ልጅ ደግሞ እናቱን አይመስልም።

አንድ ነገር በየቀኑ ተመልከቺልኝ። ቅጠሉ ላይ ውስጡ የተበላ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰፋ ያለ ነጭ ቦታ ካየሽና ውስጡ ትንሽ ትል ካለ፣ ቅጠሉን ቆርጠሽ በላስቲክ አሥረሽ ፀሐይ ላይ ጣዪው። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ተባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን መግባቱ ከታወቀ ወዲህ በስምጥ ሸለቆ ገበሬዎች ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል።

ልብስ ሰፊዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጋሼ፣ መልእክትዎን እንዳነበብኩ ከስፌት የተረፈኝን ነጭ አቡጀዲ ገጣጥሜ የግድግዳውን ፊት ሸፈንኩት። የተረፈው አቡጀዲ ለጥላውም ይበቃል። ሙቀቱ ልዩነት እንዳለው ማታ በእጄ አረጋግጫለሁ። ጭዱንም ከጋሪ ላይ ገዝቼ ጎዘጎዝኩ። ክሽክሽ አንድ ጎመን ላይ ብቻ ነበር፤ ልጄ ናት ያገኘችው፣ ቆርጠን ጣልነው።

ዘሩን ከግብርና ዕቃ ሱቅ በግራም ነው የገዛሁት፤ ሻጩ መልካ ሾላ ነው ብሎኛል። እንግዲያው መቀሱን አስቀመጥኩ። የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ እነዚህ እንደምንም ቢያፈሩልኝ ቀጣዮቹን መቼ ላፍላ? ክረምቱ ውሃ ስላለው እሱን ልጠብቅ?

ከመልካሳ መንገድ

ቲማቲሙን አትንቀዪው። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲልለት አዲስ የሚያወጣው አበባ ይይዛል፤ የረገፈው አይመለስም እንጂ ተክሉ ጤነኛ ነው።

ለቀጣዩ ግን ሐምሌና ነሐሴን ለቲማቲም አትመኚ። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲውል የሚነሣበት ሻጋታ መደቡን ሙሉ ሊያደርቅብሽ ይችላል። ክረምቱን ለቆስጣ፣ ለጎመንና ለካሮት ስጪው። የቲማቲም ዘር መስከረም መግቢያ ላይ አፍዪ፤ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሲሆነው፣ ማለትም ጥቅምት ላይ፣ ወደ መደብ አዛውሪው። ከዚያ በኋላ ያለው ደረቅና ሌሊቱ የሚበርድ ጊዜ ለአዳማ ቲማቲም የተመቸ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ አሁን ካሉበት ቦታ ላይ ደግመሽ አትትከያቸው፤ ከጎመኑ ጋር ቦታ አቀያይሪ። ለሽያጭ የምታፈዪው ከሆነም መጀመሪያ በትንሹ፣ ለራስሽና ለጎረቤት በሚበቃ መጠን ጀምሪ፤ የበቀለልሽን ቁጥርና ዘሩን የገዛሽበትን ሱቅ በደብተር ያዢ።

የወንጂው ጡረተኛ

ስለ ቅርፊቱ የተሰጠኝን እርማት ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁ። ልጄ፣ መስከረም ላይ ዘር ከተቸገርሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ልጄ በየሳምንቱ አዳማ ይመላለሳል፣ እልክልሻለሁ።