በገደብ ላሉ ልጆች የጤና ትምህርቱ በስልክ ይሁን? መልሳቸውንስ ማን ይየው?

አስጀማሪ፦ ሰላም ናችሁ የሰፈር ልጆች። የወጣት ክበባችን ለጎንደር ከተማ ጤና መምሪያ ሊያስገባው የጻፈው ሀሳብ አለ፣ ሳይገባ እዚህ እንከራከርበት ብየ ነው። ፍርድ ቤት ቅጣታቸውን በገደብ ያቆመላቸው ልጆች አሉ፣ በአመክሮ የወጡም አሉ። ለነዚህ ልጆች በስልክ አጫጭር ቪዲዮና ጥያቄ ይላካል፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ አባላዘር፣ ስለ ጉበት ቫይረስ፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት፣ ልጁ በመለሰው መሰረት ቀጣዩ ይመረጥለታል። ያልተስማማነው መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው፣ ትምህርቱን መከታተል የገደቡ ግዴታ ይሁን፣ ሪፖርቱም ለሚቆጣጠረው ሰው ይድረስ ይላል። እኔ ደግፌዋለሁ፣ ግዴታ ካልሆነ ማን ይከፍተዋል?

ጤና መኮንን፦ ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን ከሌላ አገር የተማርነውን አብረን እንየው። ኒውዮርክ ላይ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በፍርድ ቤት ቁጥጥር ስር ሁነው ከእስር ውጭ የሚኖሩ፣ እጽ የሚጠቀሙ 306 ሴቶችን በሶስት ቡድን ከፍለው ሞክረውታል፣ አንዱ ቡድን በኮምፒውተርና በቪዲዮ ታግዞ ስለ ኤች አይ ቪ መከላከል ተማረ፣ አንዱ ያንኑ ያለ ኮምፒውተር፣ ሶስተኛው ስለ ጤና ባጠቃላይ። አመቱ ሲሞላ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በኮንዶም አጠቃቀም ከሶስተኛው ተሽለው ተገኙ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ኮምፒውተር የያዘው ቡድንም የተማረው ተሰብስቦ አሰልጣኝ ፊቱ ቁሞ ነው፣ ማሽኑ ሰውየውን አልተካውም። እነሱ አዋቂዎች ናቸው የኛዎቹ ልጆች ናቸው፣ እሱን አልረሳሁትም።

ሌላም ጥናት አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ባልቲሞርና ዳላስ ላይ በገደብ ያሉ 360 አዋቂዎች ገብተውበታል፣ አንደኛው ቡድን 45 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ነገር ሁለት ጊዜ በኢንተርኔት ሰርቶ ስልኩ ላይ ማስታወሻ ይላክለት ነበር። በሁለተኛው ወር የሱስ ህክምና የጀመረው ከዚህ ቡድን በዛ፣ ስድስተኛው ወር ላይ ግን በርግጥ ይለያል የሚያስብል ልዩነት አልተገኘም። ስልክ በሩ ድረስ ያደርሳል፣ ከበሩ ወዲያ ግን ሰው ያስፈልጋል። ይሄ እኮ ለጎንደር እንግዳ አይደለም፣ በ1947 ዓም እዚህ የህዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው ባንድ ላይ ተምረው ወደ ህብረተሰቡ እንዲወጡ ተብሎ ነው፣ ከቢሮ ሁነው እንዲጠብቁ አልነበረም።

ጋሸ ጠበቃ፦ እኔ የምይዘው ያቺን መጨረሻውን አንቀጽ ነው። ገደብ ቀልድ አይደለም፣ የወንጀል ህጉ ከሁለት እስከ አምስት አመት የፈተና ጊዜ ይሰጠዋል፣ በዚያ ጊዜ ልጁ ግዴታውን ከጣሰ ገደቡ ተነስቶ የተቀመጠለትን እስራት ሊገባ ይችላል። ዳኛው መጠጥ ተው፣ እንዲህ አይነት ቦታ አትዋል ሊለው ይችላል። አሁን አስቡት፣ መጠጥ አትንካ የተባለ ልጅ ስልኩ ላይ "ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ጠጣህ" ብሎ ይጠይቀዋል፣ መልሱም ለተቆጣጣሪው ይሄዳል። እውነቱን ቢመልስ ራሱን አሰረ፣ ቢዋሽ ትምህርቱ ባዶ ሆነ። የጤና ጥያቄና የምርመራ ጥያቄ ባንድ ወረቀት አይጻፍም። ደሞ በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ነው የመደበው፣ መምሪያው ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቸ እንደሚጠፋ ሳይጽፍ ከጀመረው እኔ ራሴ አቤት እላለሁ።

አስጀማሪ፦ ጋሸ እሽ እሱ ይገባኛል፣ ግን ግዴታውን ካነሳነው ሰነፉ ሁሉ ይቀራል። የአዘዞ ልጆች ማታ የት እንደሚያድሩ እናውቃለን፣ ለነሱ ዝም ማለት ነው?

የሳሙና በር እናት፦ ልጆቼ ይቅርታ ልግባበት። የእህቴ ልጅ 17 አመቱ ነው፣ በድብድብ ተከሶ በገደብ ወጣልን፣ እግዜር ይመስገን። ስልክ የለውም፣ ያለው የናቱ ነው፣ እሷም ገበያ ይዛው ትሄዳለች፣ ታናናሾቹም ጌም ይጫወቱበታል። እና ኮንዶም የሚል መልእክት በናቱ ስልክ ሲገባ ምን እንደሚፈጠር ልንገራችሁ? ልጁ ምንም ሳይሰራ ቤቱ ይታመሳል፣ አባቱ ደሞ ቁጡ ነው። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ዳታ ጠፍቶ አንድ አመት ሊሞላ ምንም እስኪቀረው እንዴት እንደቆየን ረሳችሁት? ያኔ ይሄ ፕሮግራም ቢኖር ልጆቹ ሁሉ ግዴታ አልፈጸሙም ይባሉ ነበር ማለት ነው፣ እነሱ ባላጠፉት።

ሲስተር፦ እማማ የተናገሩት በየቀኑ የማየው ነው። ጤና ጣቢያችን ውስጥ ለወጣቶች ምቹ ተብሎ የተለየ ክፍል አለ፣ ግን በሩ በቀጥታ ካርድ የሚወጣበት ሰልፍ ፊት ለፊት ነው፣ ሰልፉ ላይ ደሞ የልጁ አክስት አለች፣ የናቱ የማህበር ጓደኛ አለች፣ መጥቶ አይቶ ይመለሳል። ታሞ ሲሸና እያመመው ሁለት ሳምንት ቆይቶ የመጣ ልጅ አይቻለሁ፣ ስጠይቀው "ሲስተር አንቺ እኮ እናቴን ታውቂያታለሽ" አለኝ። ማንም የማያየው መንገድ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ስልኩ አይቅር፣ ግዴታው ይቅር ባይ ነኝ። ማረሚያ የቆዩት ላይ ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ ምላጭ ይጋራሉ፣ ተጨናንቀው ስለሚያድሩ ሳል ይዞ የሚወጣ አለ፣ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ በቪዲዮ አይታይም፣ አክታ መሰጠት አለበት።

ስሜ ይቅር፦ እኔ ገደብ ላይ ነኝ፣ አንድ አመት ከአራት ወር ቀረኝ። ሁላችሁም ስለኛ ነው የምታወሩት ማንም አልጠየቀንም። ስልክ አለኝ፣ ፓኬጅ ግን ሁሌ አልገዛም፣ ቪዲዮ ከሆነ አልከፍተውም፣ ጽሁፍ ከሆነ አነበዋለሁ። አንድ ነገር ልናገር፣ ከወጣሁ በኋላ የሆነ ነገር ፈርቼ ነበር፣ መመርመር ፈልጌ ሶስት ጊዜ ማራኪ ድረስ ሂጀ ተመልሻለሁ፣ ሰው ያየኛል ብየ። በስልክ ስሜን ሳልናገር የምጠይቀው ቢኖር ያኔ እጠይቅ ነበር። ግን መልሴ ፖሊስ ጋ ይደርሳል ከተባልኩ "አልጠጣም፣ አልቅምም፣ ሴት አላውቅም" ብየ ሞልቸ እጨርሰዋለሁ፣ የማውቃቸው ልጆችም እንደዛ ነው የሚያደርጉት። ግዴታ ካላችሁ ደሞ የምትሰሙት ውሸት ነው።

ሲስተር፦ የኔ ወንድም፣ አሁንም ፍርሃቱ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ ሰልፍ የለም፣ በኋላ በር ነው የማስገባህ። ስምህን መናገር የለብህም።

ጤና መኮንን፦ 952ን የምታስታውሱ አላችሁ? ስለ ኤች አይ ቪ ስም ሳትናገር በነጻ የምትደውልበት መስመር። ያ ነው የሚያስፈልገው፣ ኪፓድ ስልክም ቢሆን ይሰራል፣ ዳታ አይፈልግም፣ የናቱ ስልክ ላይ የሚቀር መልእክት የለም፣ ልጁ ሲመቸው ራሱ ነው የሚደውለው። ተቆጣጣሪው ማወቅ ያለበት አገልግሎቱ መኖሩንና ቁጥሩን ለልጁ መስጠቱን ብቻ ነው፣ ማን ደወለ፣ ምን አለ፣ ስንቴ ደወለ እሱን አይመለከተውም።

ጋሸ ጠበቃ፦ እንደዚያ ከሆነ ፊርማየን አኖራለሁ።

አስጀማሪ፦ እኔ በበኩሌ የልጁን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግዴታ ካልሆነ ማን ይከፍተዋል ብየ ነበር፣ ሶስት ጊዜ በእግሩ ሂዶ የተመለሰ ልጅ ግን ግዴታ አላስፈለገውም። መጨረሻው አንቀጽ ይወጣል። በምትኩ፦ ልጁ ከፈለገ ብቻ፣ ስም የለም፣ ሪፖርት ለማንም አይሄድም፣ ቪዲዮው ቀርቶ ጥሪና ጽሁፍ ይሁን፣ ጤና ጣቢያውም ቅዳሜ ከሰዓት በሌላ በር ይቀበል። ሲስተር ያቺን የበሩን ነገር ባንድ ገጽ ጻፊልኝ፣ ሰኞ ከደብዳቤው ጋር አያይዠ አስገባዋለሁ። ስሜ ይቅር ያልከው ወንድሜ፣ ረቂቁን ከመግባቱ በፊት ላንተ በውስጥ እልክልሃለሁ፣ የሚያስፈራህ መስመር ካለ ሰርዘው።