ባነርሎርድ ሊወጣ ነው ተብሏል፤ ኮምፒውተሮቹን አሁን ላሳድግ ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ የጠባሴው (ደብረ ብርሃን)፣ ጥቅምት 2012

ሰላም ለሁላችሁ። ጠባሴ አካባቢ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ትንሽ ጌም ቤት አለን። ፕሌስቴሽኑ ላይ ያው ኳስ ነው። ኮምፒውተሮቹ ላይ ግን ልጆቹ ዋርባንድ ከሚባለው የድሮ ዘመን የጦርነት ጌም አይነሱም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ፈረስ ሊጋልቡ፣ መንደር ሊዘርፉ፣ ቤተ መንግሥት ሊይዙ ይመጣሉ።

እንደምታውቁት የዋርባንድ ቀጣዩ ጌም ባነርሎርድ ነው። አዘጋጆቹ፣ የአንካራዎቹ ቴልወርልድስ፣ ነሐሴ ላይ ጀርመን ኮሎኝ በነበረው የጌም ትርዒት ላይ ማርች 2020 በኧርሊ አክሰስ እናወጣዋለን ብለዋል። ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ይሸጣል፣ እየተጫወትነው ይጨርሱታል ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ዕቁብ የወጣለትን ብር ይዞ ለራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ለግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚያወጣው ክፍል) መርካቶ ልውረድ እያለ ነው። እኔ ደግሞ ፈራሁ። አዘጋጆቹ ስለ ጌሙ ሐሙስ ሐሙስ የሚያወጡትን ጽሑፍ እከታተላለሁ፤ ከሥሩ የሚሰጠው አስተያየት ግን ግራ ያጋባል። ግማሹ በደስታ ይሰክራል፣ ግማሹ “ወሬ በቃን፣ ቀኑን ንገሩን” እያለ ይሳደባል። የትኛውን ልስማ?

ኮምፒውተሮቹ ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ናቸው። ራማቸው 4 ጊጋ ነው፣ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የላቸውም።

መልስ፦ የጅሩ ፈረስ

በፈረንጅ 2012 ጌሙን እየሠራን ነው አሉ፤ ይኸው እኛም 2012 ገባን። ቀጠሮውን የያዙት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው መሰለኝ፣ እኛ ነን በከንቱ የከሰስናቸው 😂

ቁም ነገር ካልክ፣ እኔ ከተሳዳቢዎቹ ወገን ነኝ። ሰባት ዓመት ጠብቀህ “ሳያልቅ ልሽጥልህ” ሲሉህ ምን ትላለህ? ግን ሲወጣ የመጀመሪያው ገዢ እኔ እንደምሆን ቤተሰቤም ያውቃል። ጥምቀት ላይ ጉግስ እያየ ያደገ ሰው ዋርባንድን የሚወደው ለምን ይመስልሃል? ፈረሱ በፈጠነ ቁጥር የጦሩ ምት ይከብዳል፤ ይህን የገባው ሌላ ጌም ብዙ አላየሁም።

መልስ፦ ጋሽ ብየዳ (ደብረ ሲና)

ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ስለ ጌሙ ልጆቼ ይበልጡኛል፣ ስለ ዕቃው ግን ስማኝ።

አንደኛ ነገር፣ ሰዎቹ ጌሙ የሚፈልገውን የኮምፒውተር አቅም እስካሁን በይፋ አላወጡም። ታዲያ ወንድምህ መርካቶ ወርዶ የሚገዛው በምን ልክ ነው? ነጋዴው “ይህ ይበቃሃል” ያለውን ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ እኔ ዘንድ ትመጣላችሁ።

ሁለተኛ፣ የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ካርድ መግጠም እንደ ራም ቀላል አይደለም። ሳጥኑን ክፈትና ፓወር ሳፕላዩን (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል) እይ። ብዙዎቹ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድ የላቸውም። ለምሳሌ ጂቲኤክስ 660 የሚባለው ካርድ ያንን ገመድ ይፈልጋል፣ እስከ 140 ዋት ይበላል። 1050 ቲአይ የሚባለው ካርድ ግን 75 ዋት ገደማ ነው፤ አብዛኛው ዓይነት ከማዘርቦርዱ ብቻ ይሳባል፣ አጭሩን ካገኘህ ለቀጭን ሳጥንም ይሆናል። ስለዚህ ከብር በፊት የሳጥኑን ስፋትና የፓወሩን ዋት ጽፈህ ያዝ። ዊንዶውሱም 64 ቢት መሆኑን አረጋግጥ፤ ከቢሮ በወጡት ላይ 32 ቢት ተጭኖ ብዙ ጊዜ አገኛለሁ፣ እሱ ላይ ራም ብትጨምርም ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምበትም።

ስለ አስተያየቶቹ ልጄ ያለኝን ልንገርህ፤ የሐሙሱን ጽሑፍ ሲያነብ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። ከሠሪዎቹ ውጭ የሆነ ሰው እጁ ላይ ይዞ ተጫውቶታል ወይ? ሥዕል፣ የሠራተኛ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ሰይፍ አቀራረጽ የተጻፈ ማብራሪያ፣ ያ ሁሉ ለማንበብ ይጥማል እንጂ ዕቃ አይገዛበትም።

መልስ፦ ቁልቁል ኢፋት

ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር፤ በዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው።

ተሳዳቢዎቹን ሁሉ አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው። ቀን ብቻ የሚጠይቀውን እለፈው፣ ከእሱ የምታገኘው የለም። “ነሐሴ ላይ ዘመቻውን ተጫወትኩ፣ እንዲህ እንዲህ ሆነ” የሚለውን አንብብ። ከበባ ላይ ወታደሮቹ መሰላል ሥር ይተራመሳሉ የሚል ሰው ካየህ እሱ ከአሥር አድናቂ ይበልጥብሃል። የሚያደንቁትም ብዙዎቹ የሚያደንቁት ሐሳቡን ነው። ጌሙን ገና አልነኩትም።

መዘግየቱን ደግሞ እንደ ውርደት አልቆጥረውም። ኪንግደም ካም የተባለውን የቼኮቹን ጌም አስታውሱ። ጃንዋሪ 2014 ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፣ ከ1.1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተዋጣላቸው፣ 2015 መጨረሻ ላይ ይደርሳል አሉ፤ የወጣው ፌብሩዋሪ 2018 ነው። ሲወጣም ሳንካ ሞልቶት ነበር፣ ከዚያ እያረሙ እያረሙ ዛሬ ሁሉም የሚያመሰግነው ሆነ። እዚያ የተናደደው ሰው እውነት ነበረው፣ የጠበቀውም እውነት ነበረው። በመጀመሪያው ቀን ዕቃ የገዛው ግን ምንም አልተጠቀመም።

እኔን ከማብራሪያዎቹ ውስጥ የያዘኝ የሞድ፣ ማለትም ተጫዋቹ ራሱ ጌሙን የሚቀይርበት ጉዳይ ነው። ዋርባንድን ለመቀየር የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ነበር፤ ባነርሎርድ ላይ ብዙው ነገር ሲ ሻርፕ በሚባል ሌላ ቋንቋ ተጽፏል፣ ተጫዋቹም እንዲነካው እንፈቅዳለን ብለዋል። እዚያ ላይ ነው ሐሳቤ የሚሸፍተው። ከአንኮበር ቁልቁል ስታይ የሚታይህ ኢፋት ነው። አምደ ጽዮን በ1332 (በፈረንጁ) ከኢፋቱ ሰብረ ዲን ጋር የተዋጉት ጦርነት ዜና መዋዕሉ በእጃችን አለ። ፈረሰኛው፣ የንግድ መንገዱ፣ ደጋውና ቆላው፣ ሁሉም ለእንዲህ ዓይነት ጌም የተሠራ ነው። ጌም ቤትህ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ካሉ ጌሙን ሲጠብቁ ሲ ሻርፕ ይጀምሩ በልልኝ፤ የሚቸገር ካለ እኔ አግዛለሁ።

መልስ፦ ምንጃሬው ነጋዴ

ሁላችሁም ጠብቅ ጠብቅ ትላላችሁ። ዋጋው ይጠብቃል ወይ? ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዘንድሮ ከከረመበት ዋጋ ሲወርድ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ወንድምህ ራሙን ይግዛ። 8 ጊጋ ራም ጌሙ ቢወጣም ባይወጣም አይጠላም፣ ኳሱም በኮምፒውተር ሊገባልህ ይችላል። ካርዱን ግን እንደ ጋሼ ተወው።

መልስ፦ ጋሽ ብየዳ

በራሙ ተስማምተናል። የራሙ ዓይነት ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 አስቀድማችሁ እዩ፣ አይለዋወጥም።

የጠባሴው

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንቺም እህቴ። ወንድሜ ራሙን ብቻ ለመግዛት ተስማምቷል፣ በግድ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ሲወጣ አገዛዙስ እንዴት ነው? የእኛ የባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም። ኔቱም እንደምታውቁት ነው።

መልስ፦ መሐል ሜዳ

ውጭ ዘመድ ካለህ በስቲም (ጌም በኢንተርኔት የሚሸጥበት መደብር) ስጦታ አድርጎ ይላክልህ፤ ብር በሰው አካውንት ውስጥ ከማስቀመጥ ይሻላል። በቴሌግራም “በርካሽ ቁልፍ (የጌሙን መክፈቻ ኮድ) እሸጣለሁ” የሚልህን አትመን።

ስቲም ላይ የተገዛ ጌም በ14 ቀን ውስጥ ከሆነና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትከው ገንዘቡ ይመለሳል። ስለዚህ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሞክረህ ካልሄደ መልሰው። ሰዓቱ ግን ሜኑ ላይ ተቀምጠህም ይቆጥራል፣ ከፍተህ ቡና አትጠጣ። አንዴ ከወረደ በኋላ ብቻህን የምትጫወተው ዘመቻ በኦፍላይን ይሠራል። ብዙ ሰው በኔት የሚገጥምበትን ክፍል ከእኛ አገር አልመክርህም፤ ሰይፍህ ሳይነሳ ጭንቅላትህ ወድቆ ታገኘዋለህ።

የጠባሴው፣ ሚያዝያ 2012

የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ። ጌሙ መጋቢት 21 ወጣ፣ በፈረንጁ ማርች 30። ለዚህ ጊዜ ቃላቸውን ጠበቁ። እኛ ግን በኮሮናው ምክንያት ጌም ቤቱን ዘግተናል፣ ስለዚህ ቤት ወስጄ አንዱ ላይ ብቻ ነው የሞከርኩት።

ያወጡት ዝቅተኛ ልክ 6 ጊጋ ራም፣ 60 ጊጋ ባዶ ቦታ፣ ኮር አይ 3 8100 ፕሮሰሰር፣ ካርዱ ጂቲኤክስ 660 ወይም ኢንቴል ዩኤችዲ 630 ነው። የእኔ ፕሮሰሰር ከዚያ በታች ነው። የአጎቴ ልጅ 1050 ቲአይ አውሶኝ ሁሉንም ዝቅተኛ ላይ፣ የጦር ሜዳውን ሰው ብዛት 200 ላይ አድርጌ በሜዳ ላይ ውጊያ በደንብ ሄደ። ከበባ ላይ ይንተፋተፋል፣ “ቁልቁል ኢፋት” ያለችው የመሰላሉ ትርምስም እውነት ነው። ማረሚያው በየቀኑ ማለት ይቻላል ይወርዳል፤ ጥቅል ገዝታችሁ የምትጠቀሙ “ስከፍተው ብቻ አሻሽል” የሚለውን ምረጡ፣ አለዚያ ሌሊት ይጨርሰዋል።

አልመለስኩትም። ጌም ቤቱ ሲከፈት ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ካርድ እንገዛለን፣ ሌሎቹ ላይ ዋርባንድ ይቀጥላል።

መልስ፦ ጋሽ ብየዳ

ካርዱን ከመግዛትህ በፊት የፓወሩን ፎቶ ላክልኝ።