ማደን (የአሜሪካ ፉትቦል ቪዲዮ ጌም)፦ ከቨር 2 ላይ የምወረውረው ኮርነር ሩት ለምን ይጠለፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ተጋጣሚ ከቨር 2 ሲጫወት፣ ማለትም ሁለት ሴፍቲ (የመጨረሻ ተከላካዮች) ከኋላ ሲያቆም፣ ስማሽ ነው የምጠራው፤ የውጪው ተቀባይ አጭር ሮጦ ይቆማል፣ የውስጡ ደግሞ ኮርነር ሩት ይሮጣል፣ ማለትም ወደ ፊት ሄዶ ወደ ጎን መስመር ጥግ ይታጠፋል። ወደ ኮርነር ሩቱ የምወረውረው ኳስ ግን ይጠለፋል። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ዓይንህ ኮርነርባኩ (የጎን ተከላካዩ) ላይ ይሁን። የውጪው ተቀባይ 5 ያርድ ላይ ዞሮ ሲቆም ኮርነርባኩ እዚያው ከቀረ ከጀርባው ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ወደ ኮርነር ሩቱ ወርውር። ካፈገፈገ ለውጪው ተቀባይ አጭሩን ስጥ። 5 ያርድ አይናቅም።

መልስ 2፦ አወራወሩም ወሳኝ ነው። የተቀባዩን ቁልፍ ነካ አድርገህ ብቻ ከለቀቅክ ኳሱ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ሴፍቲው ይደርስበታል። ጭምቅ አድርገህ ከያዝከው ደግሞ ዝቅ ብሎ ስለሚከንፍ ኮርነርባኩ ዘሎ ይነካዋል። መሃለኛውን ያዝ፤ የመቆጣጠሪያውን ግራ ስቲክም ወደ ጎን መስመር ግፋ፣ ኳሱ ከሴፍቲው ርቆ እንዲወርድ። ተቀባዩ ታጥፎ እስኪጨርስ አትጠብቅ፤ መታጠፍ ሲጀምር ልቀቀው።

መልስ 3፦ ከስናፕ (ኳሱ ተሰጥቶ ጨዋታው ከመጀመሩ) በፊት አንዱን ተቀባይ በሞሽን (ወደ ሌላው ጎን በማስሮጥ) አሻግር። ተከላካይ እግር በእግር ከተከተለው ማን ቱ ማን (እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ ተቀባይ የሚይዝበት) የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ያኔ ሜሽ (ሁለት ተቀባዮች መሃል ላይ የሚተላለፉበት ጨዋታ) ይሻላል። ከስናፕ በኋላ አንዱ ሴፍቲ ወርዶ ሌላው መሃል ከገባ ግን ከቨር 3 (ሦስት ተከላካዮች ጥልቁን የሚጠብቁበት) ሆኗል፤ ኮርነርባኩ ወደ ጥልቁ ስለሚሄድ ኮርነር ሩቱን ተወው።