ጉርጃሮች ከየት ናቸው? ከጆርጂያ ወይስ ከራጃስታን?

ወሎዬው፦ ትናንት ህንድና ፓኪስታን ውስጥ ስለሚኖሩት ጉርጃሮች ስለሚባሉት ህዝቦች ስናወራ አንዱ "እነሱ እኮ ከጆርጂያ የመጡ ናቸው፣ ፋርሶች ጆርጂያን ጉርጂስታን ይሏት የለ" አለ፣ እኔም አሳመነኝ። ምን ትላላችሁ?

ሰላም፦ ኧረ ወንድሜ ስም ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ አይኮንም! ጆርጂያኖች ራሳቸውን ካርትቬሊ ነው የሚሉት፣ ጉርጅ ያላቸው ጎረቤት ነው፣ ታዲያ ሰው ሲሰደድ ጎረቤት ያወጣለትን ስም ይዞ ይሄዳል እንዴ? ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ህንድን ሲዞር የጉርጃራ አገር ብሎ የመዘገባት ዋና ከተማ የዛሬዋ ቢንማል ናት፣ ምዕራብ ህንድ ራጃስታን ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ634 ደቡብ ህንድ አይሆሌ ላይ የተቀረጸው የድንጋይ ጽሁፍም ላይ የቻሉክያ ንጉስ ፑላኬሺን ካስገበራቸው መሃል ጉርጃራ አለበት።

የታሪክ ተማሪ፦ እሺ ከዛ በፊትስ? ከ6ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ስማቸው የለም፣ ብቅ ያሉት ደግሞ ልክ ሁኖች የሚባሉት የመካከለኛው እስያ ወራሪዎች ህንድን ካመሱ በኋላ ነው። እንደ ህንዳዊው የታሪክ ተመራማሪ ባንዳርካር ያሉ ምሁራን ከውጭ የመጡ ናቸው ያሉት ዝም ብለው አይደለም።

ሰላም፦ በአንድ ሰሞን መሰማት እኮ አብሮ መምጣት አይደለም። ቋንቋቸውን እየው፣ ካሽሚር ተራራ ላይ በጋና ክረምት ከብት እየነዱ የሚወጡ የሚወርዱት ጉርጃሮች (እዛ ጉጃር ይባላሉ) ጎጅሪ የሚባል ቋንቋ ነው የሚናገሩት፣ ዙሪያቸው ሌላ ቋንቋ ሞልቶ የእነሱ ግን ለራጃስታን ቋንቋዎች ይቀርባል። ከዛ ወደ ሰሜን እንደወጡ ከዚህ በላይ ምን ይመስክር?

ወሎዬው፦ ቆይ ግን ይሄ ሁሉ ጸብ ለምንድነው? እ.ኤ.አ. በ2021 ሰሜን ህንድ ዳድሪ ከተማ ላይ የ9ኛው ክፍለ ዘመን የፕራቲሃራ ሥርወ መንግሥት ንጉስ የሚሂር ቦጅ ሃውልት ሲመረቅ ጉርጃሮቹ፣ ስሙ ላይ ጉርጃር የሚለው ቃል ይጻፍ አይጻፍ ተብሎ፣ ንጉሱ የእኛ ነው ከሚሉት ራጅፑቶች ከተባሉ ሌላ የህንድ ማህበረሰብ ጋር ተፋጠው ነበር።

የታሪክ ተማሪ፦ የራጅፑቶቹ መከራከሪያ "ጉርጃራ የአገር ስም ነው፣ የጉርጃራ ንጉስ ማለት የግድ ጉርጃር ማለት አይደለም" ነው። ህንዳዊው ጸሃፊ ሙንሺም ስሙ የአገር ነው ብሎ ነው የጻፈው። በግሌ ያስኬዳል ባይ ነኝ።

ሰላም፦ እኔ አልቀበልም። አገር ብቻ ቢሆን እ.ኤ.አ. 960 ገደማ ራጃስታን ውስጥ አልዋር አካባቢ ራጆር ላይ የተቀረጸው ድንጋይ ምን ሊባል ነው? ገዢው ማታናዴቫ የጉርጃራ ፕራቲሃራ ዘር ነኝ ይላል፣ እዛው ድንጋይ ላይ ደግሞ ጉርጃሮች የሚያርሱት መሬት ይጠቀሳል። አገር አያርስም፣ የሚያርሰው ሰው ነው።