ዶፕለሩ ሞተብኝ፣ እናትየዋ ምጥ ላይ ናት!

ጀማሪዋ ነርስ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የሌሊት ተረኛ ነኝ። የፅንስ ልብ ምት የምንሰማበት ዶፕለር ድንገት ድምፁ ጠፋ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ዝም ነው። ሲኒየሯ ሌላ እናት እያዋለደች ነው። መሳቢያ ውስጥ ፒናርድ (የፅንሱን ልብ በጆሮ የምንሰማበት ቀንድ መሰል መሣሪያ) አለ፤ ብሞክረውም ምንም አይሰማኝም። ምን ላድርግ?

ቀልጣፋው፦ ባትሪውን ገልብጠሽ አስገቢ። ጄልም ጨምሪ።

አዋላጇ፦ ስንት ሳምንቷ ነው? የማህፀን ጫፏ ስንት ተከፍቷል? የእንሽርት ውሃው ፈሷል? ቀለሙስ? መጀመሪያ ይሄን ንገሪን።

ጀማሪዋ ነርስ፦ ይቅርታ ተደናግጬ ነው። 39 ሳምንት፣ 6 ሴንቲሜትር፣ ሁለተኛ ልጇ። ውሃው ፈሷል፣ ንፁህ ነው። ደም የለም። ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው።

መምህሩ፦ ፒናርድን ፈረንሳዊው ሐኪም አዶልፍ ፒናርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው የሠራው። ዶፕለር ከመምጣቱ በፊት ስንትና ስንት ልጅ በእሱ ተሰምቶ ተወልዷል። ዛሬ ተማሪዎች በማሽን ብቻ ስለሚለማመዱ ጆሯቸው አልሠለጠነም። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

አዋላጇ፦ መምህር፣ ትምህርቱ ይቆየን፤ ልጅቷ አሁን አልጋው አጠገብ ቆማለች። እህቴ፣ መጀመሪያ የፅንሱን ጀርባ በእጅሽ ፈልጊ። በአንድ በኩል ለጥ ያለና ጠንከር ያለ ነገር ታገኛለሽ፣ በሌላው በኩል እግርና እጅ ይጎረብጥሻል። ከእምብርቷ በታች፣ በጀርባው በኩል ሰፊውን አፍ አስቀምጪ። ጆሮሽን በሌላው ጫፍ አስደግፊና እጅሽን ልቀቂ። ከያዝሽው የእጅሽ ድምፅ ይረብሽሻል። ምጡ እንደለቀቃት ወዲያው ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ።

ቲክታክ፦ ፒናርድ ባትሪ አይጨርስም፣ ቻርጀርም አይጠፋበትም 😊 አይዞሽ።

ጀማሪዋ ነርስ፦ ሰማሁ! ግን 88 ነው! 88!!

አዋላጇ፦ ጆሮሽን ሳታነሺ የእናትየዋን የእጅ የደም ሥር ያዢ። አብሮ የሚመታ ከሆነ የሰማሽው የእሷን ነው፣ ቦታ ቀይሪ። የማይገጥም ከሆነ ግን የልጁ ነው፤ በግራ ጎኗ አስተኚያት፣ ኦክሲቶሲን (ምጥ የሚያጠነክረው መድኃኒት) ከተንጠለጠለ አቁሚ፣ ሲኒየሯን ጮኸሽ ጥሪ። የፅንስ ልብ ምት መደበኛው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው።

የሌሊት ወፍ፦ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። የተበላሸው ዶፕለሩ ብቻ ነው? አንዲት ጀማሪ ብቻዋን ምጥ ላይ ያለች እናት ጋር መቅረት አልነበረባትም። ዶፕለሩ ቢሠራም 88 ሲያሳይሽ ማንን ልትጠሪ ነበር?

ቀልጣፋው፦ ባትሪውን ገለበጥሽው?

አዋላጇ፦ የሌሊት ወፍ እውነቱን ነው፣ ነገ ለኃላፊሽ ንገሪ። አሁን ግን ከእናትየዋ አትራቂ። ምን እየሠራሽ እንደሆነ ንገሪያት፤ ፊትሽን እያየች ነው። የልጁን ልብ ምት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንዴ ስሚ፣ ማማጥ ስትጀምር በየ5 ደቂቃው። ያገኘሽውን ሁሉ ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያው ቅጽ) ላይ ከነሰዓቱ ጻፊ። እንሽርቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካየሽ አትጠብቂ።

ቲክታክ፦ እህት፣ የእናትየዋ ነው ወይስ የልጁ?

መምህሩ፦ እኔም እየጠበቅኩ ነው።

አዋላጇ፦ 20 ደቂቃ ሆነ። እጇ ሥራ ላይ ነው፣ እንተዋት።