«ዜማ ምን አጠፋ?»

ሰላም ከለንደን፦ ትናንት አንድ ሰው እዚህ «ማንዳላይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዘፈን ለጠፈ። ሥሩ ላይ «ፖለቲካ አታስገቡ፣ ዜማ ምን አጠፋ?» የሚል አይቼ በጣም ተናደድኩ። የእንግሊዛዊው ገጣሚ የኪፕሊንግ ግጥም እኮ ነው። በ1890 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሲጻፍ እንግሊዝ የበርማዋን ከተማ ማንዳላይን ከያዘች ገና 5 ዓመቷ ነበር። በ1907 አሜሪካዊው ኦሊ ስፒክስ ዜማ ሰራለትና ፒያኖ ያለበት ሳሎን ሁሉ ዘፈነው። በ2017 የያኔው የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን እዚያው በርማ፣ ያንጎን ከተማ፣ ሽዌዳጎን ፓጎዳ (የቡድሃ መቅደስ) ውስጥ ግጥሙን ማነብነብ ሲጀምር እንደማይሆን ነግሮ ያስቆመው የራሱ አገር አምባሳደር ነው።

ጋሽ ባሪቶን፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። አውስትራሊያዊው ዘፋኝ ፒተር ዳውሰን ሲዘፍነው ሰምተሻል ልጄ? ዘፋኙ ድሃ ወታደር ነው። ለንደን ዝናብ እየደበደበው አንዲት ልጅ ትናፍቀዋለች። ይሄ ትዝታ ነው። እኛ ትዝታን ካልገባን ማን ሊገባው ነው?

ሰላም ከለንደን፦ «አንዲት ልጅ» አሉ ጋሼ? ልጅቷ ስም አላት። ሱፒያላት። ግጥሙ ራሱ «ልክ እንደ ቲባው ንግሥት» ይላል፣ ቲባው የበርማ ንጉሥ ነበር። ያቺን ንግሥት ደግሞ በ1885 የእንግሊዝ ጦር ከባሏ ጋር ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ህንድ አገር አጋዛት። ንጉሡ እዚያው ሞተ። እሷ በ1919 ብትመለስም ያንጎን እንጂ ማንዳላይ አላስገቧትም። በ1925 ሞተች። መቃብሯ የት እንዳለ ያውቃሉ? እዚያው ሽዌዳጎን ሥር። ጆንሰን ግጥሙን የጀመረው እዚያ ነው።

ካርታ አንባቢ፦ ኪፕሊንግ እኮ ማንዳላይን አልረገጠም። በ1889 ራንጉንን (የዛሬዋን ያንጎን) እና የወደብ ከተማዋን ሞልሜይንን አይቶ ነው ያለፈው። ሞልሜይን ላይ ባሕሩ በስተምዕራብ ነው። እሱ ግን ፀሐይን ከባሕሩ ማዶ ያወጣታል።

ጋሽ ባሪቶን፦ ገጣሚ ነው እንጂ ቀያሽ አይደለም። አሁንም እጠይቃለሁ፣ ዜማ ምን አጠፋ?

የአርበኛ ልጅ፦ እሺ፣ የጣሊያን ፋሺስቶች ዘፈን «ፋቼታ ኔራ»ም ዜማው ያምራል። 1935። «ቆንጆዋ ሐበሻ፣ ጠብቂ፣ ተስፋ አድርጊ፣ ሰዓቱ ቀርቧል» ይላታል። መጡ። በ1937 ደግሞ ጣሊያን አፍሪካዊት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት እስራት ብለው ሕግ አወጡ። እሱንም ይዘፍኑልን?

ጋሽ ባሪቶን፦ እሱን ከዚህ ጋር አታወዳድር! ያ የወራሪ ማርሽ ነው። ይሄ የናፍቆት ዘፈን ነው። የእኔም አባት አርበኛ ነበር።

ሰላም ከለንደን፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ግን የሚናፍቀው ወራሪው ነው። ደግሞ ቃሉ ምንም ካልሆነ የኪፕሊንግ ቤተሰብ ለምን ተቆጣ? በ1958 አሜሪካዊው ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራ ግጥሙን እየቀያየረ ሲዘፍነው የኪፕሊንግ ሴት ልጅ ተቃወመች፣ እንግሊዝ ከሚሸጠው ሸክላም ወጣ። ዜማው እኮ ያው ነበር። የተጣሉት በቃል ነው።

ጋሽ ባሪቶን፦ የግጥሙ ልጅም ትዘፍናለች እኮ! ባንጆዋን አንስታ «ኩላ-ሎ-ሎ» ትላለች። ዝም ያለች አታስመስያት።

የአርበኛ ልጅ፦ «ኩላ-ሎ-ሎ» ቋንቋ ነው? ወታደሩ ስንት ስንኝ ሲያወራ ለእሷ የሰጣት ይሄን ነው?

ሰላም ከለንደን፦ እኔ ይታገድ አላልኩም። በፊት መዘምራን ሳለሁ እኔም ዘፍኜዋለሁ፣ ስለ ንግሥቲቱ ማንም አልነገረኝም። የሚያናድደኝ እሱ ነው። እርስዎ እሁድ ሲዘፍኑት መጀመሪያ ስለ እሷ ይንገሯቸው።

ጋሽ ባሪቶን፦ ልዘፍን እንጂ ታሪክ ላስተምር አልሄድም።

ካርታ አንባቢ፦ ባሕሩ ግን በስተምዕራብ ነው። ማንም አልመለሰልኝም።