የአያቴ ቤት የጣውላ ወለል፦ ላስነሳው ወይስ ላስጠግነው?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። አያቴ ካረፉ በኋላ ቤታቸው ለእኔና ለእህቴ ደረሰን። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ትልቁ ክፍል ግን ከዳር እስከ ዳር ጣውላ ነው። አያቴ "ጽድ ነው" ይሉ ነበር። እኔ እንጨት አልለይም።

ሠራተኛ አምጥቼ አሳየሁት። ገና በሩ ላይ ቆሞ "ይሄማ ተነስቶ ሴራሚክ ነው" አለኝ። ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ለነገሩ ወለሉም ጤነኛ አይደለም። በመስኮቱ በኩል ሦስት አራት ጣውላ ሲረግጡት ይሰምጣል። ክፍተቱም ሳንቲም ይውጣል፤ ልጅ ሆኜ ስንት ስሙኒ በልቶብኛል! አሁን ደግሞ የሻጋታ ሽታ አምጥቷል። አምና ግቢውን ሊሾ ስናስደርግ ይሄ ሽታ አልነበረም።

ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ እህቴ ቤት ያለው ሴራሚክ በካልሲም አያስቆምም። እዚህ ባዶ እግሬን እውላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰም ይቀባና እኔን አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣ እህቴ ትጎትተኝ ነበር። ያ ሁሉ ወለል ያብረቀረቀው በእኔ መቀመጫ ነው። ረከቦቱ ጋ ፍም ወድቆ ያቃጠለው ጥቁር ጠባሳ አለ። እንግዳ ሲመጣ አያቴ ምንጣፍ ጣል ያደርጉበት ነበር።

ይድናል? ወይስ ትዝታ ነው የሚያታልለኝ?

ከቦርከና ማዶ፦
አብሽር ወንድሜ። እኔ ኮምቦልቻ ሴራሚክ አስነጥፌ አልጸጸትም። እኛ ጋ ሙቀት ነው፣ ልጆቼ ቀኑን ሙሉ መሬቱ ላይ ተዘርረው ነው የሚውሉት። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚገባ ሰው ግን ጃኬት ያወጣል። እኔ አንተን ብሆን አልነካውም።

ጡረተኛ አናጢ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ቢላ አምጣና የሚሰምጠውን ጣውላ ውጋው። እንደ ዳቦ ከገባ በስብሷል። ካልገባ ጣውላው ደህና ነው፣ የታመመው ከሥሩ ጣውላውን የተሸከመው እንጨት፣ ሞራሌው ነው። ከዚያ ትንሽ ፋቅ አድርገህ አሽትተው። እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ከሸተተህ አያትህ አልዋሹም። ከጽድ እርሳስ ይሠራ ነበር። ጽድን ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም።

እኔን ያሳሰበኝ ሊሾው ነው። የጣውላ ወለል ሥሩ ባዶ ነው፣ አየር ይፈልጋል። በውጭ በኩል ግድግዳው እግር ላይ የንፋስ ቀዳዳ ይተውለታል። ግቢው ከፍ ሲል ደፍናችሁት እንዳይሆን። እርጥበት መውጫ ካጣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ሴራሚክ ብታደርግበትም ውሃው የትም አይሄድም፣ ወደ ጭቃ ግድግዳህ ነው የሚወጣው።

ሰላም፦
ላሚኔት የሚልህ ከመጣ አትስማው። እኔ ቤት አንድ ባልዲ ተደፋና ጠርዙ እንደ እንጀራ ተነፋ። ፍቀህ አታድሰውም፣ ላዩ የእንጨት ስዕል ነው። ከነቀልክ በኋላ ደግሞ የድሮውን የሚመልስልህ የለም።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ቀዳዳዎቹ አራት ነበሩ። አራቱንም በገዛ ገንዘባችን በሲሚንቶ ደፍነናል። ዛሬ በመሮ ከፈትናቸው። ቢላው አንዱ ጣውላ ላይ ብቻ ገባ። እርሳስ እርሳስም ይሸታል። አሁን የወለል መፋቂያ ማሽን ላስገባ?

ጡረተኛ አናጢ፦
አትቸኩል። መጀመሪያ ሥሩ ይድረቅ፣ በጋውን ጠብቅ። አንዱን ጣውላና የበሰበሰውን ሞራሌ ቀይር። አዲሱ እንጨት በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ከመመታቱ በፊትም ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ይሰንብት። እርጥብ ከመታኸው ሲደርቅ ይሸሽና ሌላ ስሙኒ መዋጫ ይሆንብሃል። ማሽን ከመግባቱ በፊት የሚስማሩን ራስ ሁሉ ወደ ውስጥ አስመታ፣ አለዚያ የሚፍቀውን ወረቀት ይቦጫጭቀዋል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ስስ አድርጎ ቢፋቅ ምንም አይሆንም፣ ለልጆችህም ይተርፋል። የፍሙ ጠባሳ ጥልቅ ካልሆነ አብሮ ይጠፋል።

የጦሳ ልጅ፦
ይሄን ለእህቴ አነበብኩላት። ምንም አላለችም። ተነስታ ረከቦቱን ጠባሳው ላይ አስቀመጠችው፣ ማሽኑ እዚያ እንዳይደርስ።